ሁለት አሞሌ በአንቀልባ ውስጥ

«ለመሆኑ አንቺና ልጆችሽ በሳምንት ስንት ቁና እህል ትበላላችሁ?»

አማቴ እማማ ቡዜ ይህን የጠየቁኝ ከሁሩታ መጥተው ከበቅሏቸው በወረዱበት ዕለት፣ እግራቸውን እያጠብኩላቸው ሳለ ነው። እህል ሲኖር እጋግራለሁ፣ ሲያልቅ ገበያ እወጣለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አስቤ አላውቅም። እግራቸውን ማሸት ቀጠልኩ። እሳቸው ግን አንዱን እግር አውጥተው ሌላውን እየሰጡኝ፣ «እንግዲያው ትልቋን፣ ውዴን፣ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

ጊዜው ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉበት ዓመት ሰኔ ነው። ባለቤቴ መርዳሳ የባቡር ሐዲድ ከሚጠግኑት ሰዎች ጋር ወደ አዋሽ በረሃ ወርዷል፤ የሚመለሰው ለሐምሌ አቦ ነው። እኔ አዳማ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ነበርኩ። ውዴ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስፋው አራት፣ በዳቱ ደግሞ ገና የምትታዘል ጨቅላ ናት። እማማ ቡዜ ክፉ ሰው አልነበሩም። የልጅ ልጅ ወስዶ ማሳደግ በእሳቸውም በእኔም ወገን ያለ ነው፤ ቤታቸውም ወተትና ገብስ የሞላበት ነው። ችግሩ በመካከላችን የሚያልፈው የአዋሽ ወንዝ ነው። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ከሞላ ማዶ የተሻገረ ልጅ እስከ መስከረም አይመለስም። ውዴ ደግሞ ዓይኔም እጄም ናት። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ታናናሾቿን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት።

ለመንኳቸው። ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ገበያው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በእጄ ባለው ነገር እስከ ሐምሌ አቦ የሚያደርሰንን እህል ከሸመትኩ ውዴ ትቀራለች፤ ካልሸመትኩ በገበያው ማግሥት ከአያቷ ጋር ትሄዳለች።

በእጄ የነበረው ሦስት አሞሌ ነው። ያን ጊዜ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ ሙሉ ከሆነ፣ ካልተሸረፈና ካልረጠበ። መርዳሳ ትቶልኝ የሄደው ብር ተመንዝሮ የቀረው ይኸው ነበር።

ሦስቱን ቀን እንደ ሞኝ ስለካ ዋልኩ። ዱቄት ባወጣሁ ቁጥር በቅል እየሰፈርኩ፣ ለአንድ ቅል አንድ ጠጠር በሙዳይ ውስጥ እጥላለሁ። አስፋው ጠጠሮቹን እየወሰደ ሲጫወትባቸው ሁለት ጊዜ ከአዲስ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ከውዴ ጋር ቁጭ ብለን ደረደርናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቁና ይሆናል፣ ለአራት ሳምንት ስምንት። ለእማማ ቡዜ ስነግራቸው የደስታም የቁጣም ፊት አላሳዩኝም። ስምንቱን አምጪና አሳዪኝ አሉኝ።

ጎረቤቴ ቀመሪያ የወሎ ሰው ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፤ የሻጩን ሁሉ ጠባይ ታውቃለች። ከእሷ ጋር ስለ ገበያው መከርን። ልጆቹን ከመውጣትሽ በፊት አጥግቢያቸው አለችኝ፤ የተራበ ልጅ የሚያየውን ሁሉ ይለምናል። መጀመሪያ ምንም ሳትገዢ አንድ ጊዜ ዙሪ። በዓረቡ ሱቅ በኩል እንዳታልፊ፣ ቴምር በጆንያ ተከፍቶ ተቀምጧል። እህሉን ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ከደራ የመጣ ሻጭ ፀሐይዋ ስታዘነብል አህያውን መልሶ መጫን አይወድም።

«ጠዋት የሚሸምት ሀብታም ነው» አለችኝ። «ከሰዓት የሚሸምት ልጆች ያሉት ነው።»

አንዱን ምክር ግን ከራሴ አመጣሁት። ባለፈው ጊዜ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው የነበረውን ገንዘብ ሌባ ፈትቶ ወስዶብኛል። ስለዚህ አንዱን አሞሌ በመቀነቴ ሸጉጬ፣ ለእህሉ የያዝኳቸውን ሁለቱን በአንቀልባው ውስጥ፣ ከበዳቱ መቀመጫ ሥር አደረግኋቸው። ሌባ ሕፃን በታዘለበት አንቀልባ ውስጥ እጁን አይከትም። በዚህ ዘዴዬ በጣም ኮራሁ። ለቀመሪያ እንኳ አልነገርኳትም።

በገበያው ቀን ልጆቹን ቆሎና ቅንጬ አብልቼ ወጣሁ። ጾም ገብቶ ስለነበር የቅቤ ሐሳብ አልነበረብኝም፤ ያም አንድ እፎይታ ነው። አስፋው እንዳይጠፋብኝ ወገቡን በገመድ አስሬ ሌላውን ጫፍ ከመቀነቴ ጋር ቋጠርኩት። ውዴ ቁናውን በራሷ ላይ ደፍታ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እማማ ቡዜ በትራቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ አንዲት ቃል አልናገርም ብለው ነበር የወጡት። ከባቡር ጣቢያው ሳንደርስ ስለ አረማመዴ፣ ስለ ነጠላዬ አጣጣልና ስለ ገመዱ ተናገሩ። ስለ ገመዱ ያሉት ፍየል የሚነዳ ሰው መስለሻል ነው። አስፋው ይህን ሰምቶ እስከ ገበያ ድረስ እንደ ፍየል እየጮኸ ሄደ።

ዞርን። ምንም አልገዛንም። ውዴ የየሻጩን ዋጋ እየሰማች በጆሮዬ ትነግረኛለች። እኔም በየመንገዱ፣ «ውዴ ባትኖር ምን እሆን ነበር» እላለሁ፤ እማማ ቡዜ እንዲሰሙኝም ጭምር ነው። በመቀነቴ በነበረው አሞሌ ከቀመሪያ በርበሬ፣ ከአጠገቧ ካለችው ሴት ምስርና ኑግ ገዛሁ። እስከዚህ ድረስ እንዳቀድኩት ነው።

የዓረቡን ሱቅ ለመሸሽ በከብት ተራው በኩል ዞርኩ። እማማ ቡዜ ግን ቀጥ ብለው በሱቁ በኩል አለፉ። ከብት ተራው መጨረሻ ላይ ስንገናኝ በመዳፋቸው ቴምር ይዘው ነበር። አስፋው አያቱን በአባቱ ቋንቋ «አኮ! አኮ!» እያለ ወደ እሳቸው ሲሮጥ ገመዱ እኔንም ጎትቶኝ ልወድቅ ነበር። ተናደድኩ፣ ግን አማት ናቸው። ገመዱን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋቸው። እፎይ አልኩ፤ አንድ ልጅ ቀነሰልኝ።

ፀሐይዋ ስታዘነብል ወደ እህል ተራ ሄድን። አንድ ወፍራም ነጋዴ ለአንድ አሞሌ አራት ቁና ማሽላ ሊሰጠኝ ተስማማ። ሁለት አሞሌ፣ ስምንት ቁና። ልቤ ዘለለች። በዳቱን አውርጄ አንቀልባውን ስከፍት መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ያ እንደ ሞረድ ጠንካራ የነበረ ጨው እንደ ረጠበ አሸዋ በእጄ ውስጥ ተናደ። በዳቱ ከጠዋት ጀምሮ ሥራዋን ስትሠራ ውላለች።

ነጋዴው በአንድ ጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተ፣ አጎንብሶም በአፈር ጠረገው። «ይህ ገንዘብ አይደለም እህቴ» አለኝ። በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ውዴ ቁናውን ከራሷ አውርዳ ደረቷ ላይ አቅፋ አየችኝ። ስድስት ዓመቷ ቢሆንም ስለ ምን እንደምንሸምት ታውቅ ነበር።

ወደ እማማ ቡዜ ዞሬ ማየት አልደፈርኩም። አንቀልባውን አጣጥፌ፣ በዳቱን በክንዴ ይዤ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ መሄድ ጀመርኩ። የተፈረፈረ ጨው ማን ይወስደዋል? ለወጥ እንዳልሸጠው ኃጢአት ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለ እግሬ ወደ ከብት ተራው መለሰኝ፤ እዚያም አንዲት ላም የሌላዋን ላም አንገት እየላሰች አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለከብት የሚሰጥ አሞሌ መጀመሪያውኑ ተሰባብሮ ነው የሚሰጠው።

ባለ ላሞቹ አብዱናሲር የሚባል የደራ ሰው ነው። አራት ላሞች ሊሸጥ መጥቶ አንዷን ብቻ ሸጧል፤ አህያው ላይ ደግሞ ያልተሸጠ ማሽላ ነበረው። ጨው ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት። ይፈልጋል። አንቀልባውን ከፍቼ አሳየሁት። ምን እንደነካው ባልነግረው ኖሮ ላያውቅ ይችል ነበር፤ ግን አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል፣ ከላይም እግዚአብሔር አለ። ሁሉንም ነገርኩት።

ሰውየው በዳቱን አየ፣ ጨውን አየ። «ላሞቼ ማን እንዳረጠበው አይጠይቁም» አለ። «ግን ለሽንቱ አንድ ቁና ቀንሺልኝ።»

«ለሽንቱ ገንዘብ አልጠየቅሁህም ወንድሜ» አልኩት። «እሱ ምርቃት ነው።»

ከኋላዬ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ቡዜ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ነው። አብዱናሲርም ሳቀ። ለአንዱ አሞሌ አምስት ቁና ጠየቅሁ፤ እሱ አራት አለ፤ ላሟ መሐላችን ገብታ አንቀልባውን መላስ ስትጀምር ለሁለቱ ዘጠኝ ቁና ላይ ተስማማን። አህያው ወደዚያው የሚያልፍ ስለነበረ እስከ ቤቴ ጭኖ አደረሰልኝ።

ቤት እንደገባን እማማ ቡዜ እህሉን ራሳቸው ሰፈሩት። ቁናውን አልቆለሉም፤ አፉን በመዳፋቸው ልክ ልክ እየጠረጉ ነው የሰፈሩት። ዘጠኝ ሆነ። «ውዴ ትቅር» አሉ፤ «ቃሌ ቃል ነው።» ጉልበታቸውን ሳምኩ። ውዴ ሄዳ ለበቅሎዋ ሣር ሰጠቻት፤ አያቷ ቶሎ እንዲሄዱ ይመስለኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ስንቃቸውን ቋጥሬ ስወጣ አስፋው በቅሎዋ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን ለብሷል። ለጨዋታ መስሎኝ ውረድ አልኩት። አልወረደም። ወደ እማማ ቡዜ ዞርኩ።

«ቃሌ ስለ ውዴ ነበር» አሉኝ። «በዚህኛው ማንም አልተከራከረኝም።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ በቅሎዋ ጆሮ እያዩ፣ የመጨረሻዋ ልጃቸው ከተዳረች ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከጥጆች ጋር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ወደ አስፋው ተጠግቼ አዋሽ ሊሞላ ነው፣ ብትሄድ ናፍቄህ ልምጣ ብትል እንኳ አትችልም አልኩት። እዚያ ወተት አለ አለኝ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺ ውዴ አለችሽ» አለ።

በቁጣ አልነበረም። ገበያ ላይ የሰማውን ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። በክንዴ አንሥቼ ላወርደው እችል ነበር፤ ቀላል ልጅ ነው። እጄን ወገቡ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ጋቢውን አጠበቅሁለትና፣ «እስከ መስከረም» አልኳቸው። «እስከ መስከረም» አሉ።

ዝናቡ በዚያው ሳምንት ጀመረ፣ አዋሽም ሞላ። እህሉ እስከ ሐምሌ አቦ ደርሶ ሁለት ቁና ተረፈ። ውዴና በዳቱ ከእኔ ጋር ቀሩ። አስፋው ሄደ።