የወንዙ መዝሙር አይዘመርም

ለክርስትና የሚመረጠው ሦስት መዝሙር ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ሲገባ፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ ሲወጣ። በዚህ ደም ይፈሳል ብሎ ማን ያስባል? ልብስ ሰፊዋ ልጇን አቅፋ ወደ መዘምራኑ ክፍል ስትገባ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የወንዙ መዝሙር በልጇ ራስ ላይ እንዳይዘመር።

የመዘምራኑ ኃላፊ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ የልብስ ሰፊዋ አባት አለ፤ መዘምራኑን ሠላሳ ዓመት የመራ፣ ሰው ሁሉ ብድግ እያለ ወንበር የሚለቅለት ሽማግሌ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ የወንዙን መዝሙር ያዘምራቸው ነበር። በየስንኙ መጨረሻ ቀበቶው ያርፋል። ድምፃቸው ከተንቀጠቀጠ እንደገና ከመጀመሪያው።

«ለውሃው የወንዙን ጻፊ» አለ ሽማግሌው። ኃላፊዋም ጻፈች።

«እሱ አይሆንም አባባ። የፈለጉትን ሌላ ይምረጡ።»

«ምን አልሽ? ለልጅ ልጄ መዝሙር የምትከለክይኝ አንቺ ነሽ?»

ተነሥቶ ክንዷን ጠመዘዘው። ሕፃኑ ጮኸ። ሽማግሌው በዚያ በሚያምር ድምፁ የመጀመሪያውን ስንኝ አዜመና «ተቀበይ!» አላት።

በሩ ላይ ታላቅ ወንድሟ ቆሟል። በያጅ ነው፤ ለክርስትና አባትነት ሊፈርም ከሥራው በቀጥታ መምጣቱ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የመጀመሪያው ቡጢ ሁለት ጥርስ አወለቀ፤ ሁለተኛው ሽማግሌውን ከነወንበሩ ገለበጠው። ኃላፊዋ «በስመ አብ!» ብላ ጥግ ያዘች። ወንድምየው የአባቱን ደረት በጉልበቱ ተጭኖ የገዛ ቀበቶውን ፈታ።

«ዘምር!» አለ፣ ዕድሜ ልኩን አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው።

ሽማግሌው ደም እየተፋ ጀመረ። ቀበቶው ፊቱ ላይ አረፈ።

«ተንቀጠቀጠ! እንደገና! ከመጀመሪያው!»

እውነቱን ለመናገር የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እሰይ አለች በሆዷ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲያርፍ። በአራተኛው ላይ ግን የወንድሟን ከንፈር አየች። ዜማውን አብሮ እየተከተለ፣ ስንኙ እስኪያልቅ ጠብቆ ነበር የሚመታው።

«ጋሼ፣ በቃ!» ብላ በአንድ እጇ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። በክርኑ ገፈተራት። ጠረጴዛው ወገቧን መታት፤ ሕፃኑ ለጥቂት ከእጇ ሳያመልጥ ቀረ። ቀበቶው የቆመው ያኔ ነው።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ያቃስታል። እሷ ደም የነካውን ወረቀት አንሥታ የወንዙን መዝሙር ሰረዘች። ከዚያ ዝቅ ብላ በክርስትና አባት ቦታ የተጻፈውን የወንድሟን ስም ሰረዘች።

«እኔን?» አለ ወንድሟ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንባው መጣ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። አባባም ለእናንተ ብዬ ነው ይለን ነበር።»