ባለቤት የሌለው

ባለቤት የሌለው ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ መልሱ! በግቢው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባችሁ፣ «እሰይ፣ ውሻ በዝቶ ነበር» ብላችሁ ወደየቤታችሁ የገባችሁ ሁሉ፣ ቃሉን ቆም ብላችሁ አይታችሁታል? ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። ማስታወቂያው ሊያጠፋቸው ካሰባቸው ውሾች አንዱን ከሞት አፍ መንጭቃ ያሳደገችው እሷ ናትና።

ነገሩ የጀመረው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ልብስ ሰፊዋ እሜቴ የምትባል ውሻ አለቻት፤ ስሙን ያወጡላት ደንበኞች ናቸው፣ አረማመዷ የቤት አከራይ ይመስላል ብለው። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ስትቀመቅም ከእግሯ ሥር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማች። ጎንበስ ብትል እሜቴ የጨርቅ ቁርጥራጩን ክምር አልጋ አድርጋ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቡችሎች ትልሳለች።

«ወይ ጉድ! በሙሽራ ሳቲን ላይ!» አለች አብራት የምትኖረው የሟች ባሏ እህት። «እኛ እንኳ በሳቲን አልተወለድንም።»

«አንቺማ ጆንያ ላይ ነው የተወለድሽው፤ ጠባይሽ ይሻክራል።»

ቡችሎቹ ሁሉም ቡናማ ስለነበሩ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸገረ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ሙያዋ መላ ዘየደች፤ በየአንገታቸው ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ጥብጣብ በስሱ ሰፋችላቸው። በወፈሩ ቁጥር ስፌቱን ፈትታ ታላላዋለች። ቀዩ ጥብጣብ የደረሰው ለትንሹ ነበር። ወንድሞቹ ረግጠውት ያልፋሉ፣ ጡት አይደርሰውም፣ እናቱም ተስፋ ቆርጣ በአፍንጫዋ ወደ ዳር ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «አንቺ ጨካኝ! የወለድሽውን?» ብላ በውሻ ላይ ጮኸች። ከዚያ በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ወተት ታጠጣው ጀመር። በብብቷ ሸጉጣው ትሰፋለች። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ይተኛል፣ ሲቆም ያለቅሳል። ስለዚህ ሥራ ባይኖራትም፣ ክር ያልገባበትን መኪና በእግሯ ስትነዳ ትውላለች። ጎረቤት አበደች አለ። ይበል! ቀዩ ዳነ።

ጡት ሲጥሉ ቤት መፈለግ ግድ ሆነ፤ የግቢው ደንብ ለአንድ ቤት ከአንድ ውሻ በላይ አይፈቅድም። ልጇን የምትድር እናት እንኳ እንደ ልብስ ሰፊዋ አትመረምርም። ባለ ጋራዡ ሲመጣ አፋጠጠችው።

«የት ነው የሚተኛው?»

«እኔ በምተኛበት።»

«እርስዎስ የት ነው የሚተኙት?»

«ሚስቴ ካኮረፈች ጋራዡ ውስጥ።»

ሳቀችና ሰማያዊውን ሰጠችው። ሌሎቹም እንዲሁ እየተመረመሩ ደህና ደህና ቤት ገቡ። መጨረሻ ላይ የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሊጠይቀው የመጣችውን የልጅ ልጁን ይዞ ገባ። ልጅቷ ቀዩን አንስታ አልለቅም አለች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ብዙ የተለፋበት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለልጅ መጫወቻ ከሆነ ይቅርብዎ። ባለቤቱ ማን ሊሆን ነው?»

ሰብሳቢው መዳፉን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ! ሰው ሁሉ ይስማኝ!»

የባሏ እህት ሰማች። ቀሚሷን ልትለካ የቆመችው ሙሽራም ሰማች። ልብስ ሰፊዋ ጥብጣቡን አላልታ፣ «ሲያድግ እንዲህ ይፍቱለት» ብላ አሳይታው ቀዩን አስረከበች።

ልጅቷ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ቡችላው አደገ፣ ጫማ በላ፣ ጮኸ። ሰብሳቢውም በሩን ከፍቶ በእርግጫ አስወጣው። በቃ! የአንድ ባለቤትነት ዕድሜ ይኸው ነበር።

ቀዩ የስፌት መኪናውን ድምፅ ተከትሎ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ መጥቶ ተጋደመ። አጥንቱ ይቆጠራል። አንገቱን ስትዳብስ እጇ እርጥብ ነገር ነካ። ጥብጣቡን አንድም ቀን ያላላለት የለም፤ ከእድገቱ ጋር እየጠበቀ ሥጋውን ሰንጥቆ ገብቷል። የክር መቁረጫ መቀሷን አመጣች። ስትቆርጠው ውሻው አልጮኸም፤ የጮኸችው እሷ ናት። በደም የተበከለውን ጥብጣብ እንደያዘች የሰብሳቢውን በር ደበደበች።

«ጠፍቶብኝ ነው» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ደግሞ ውሻ ነው፣ ምን ላድርግ?» በሩን ዘጋባት።

ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው በኮሚቴው ታዝዞ በየቤቱ እየዞረ ስለ ውሾች መጠየቅ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየነዳች ነበር፤ ቀዩ ደጃፉ ላይ ተኝቷል።

«ባለቤት አለ?» ብሎ ጮኸ ዘበኛው።

«ኧረ የለም፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ!» አለች ከመኪናው ቀና ሳትል።

«ነፍስ ይማር» አለ ዘበኛው ከልቡ አዝኖ፣ ሄደም። እሷ የተናገረችው ስለ ባሏ ነው፤ እሱ የጠየቀው ስለ ውሻው።

በማግስቱ ማስታወቂያው ተለጠፈ፦ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሰኞ ይወገዳሉ። ይወገዳሉ! መርዝ ይበላሉ ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ታጥቦና ተተኩሶ ቀረበ።

«የኔ ነው በይና ገላግይው» አለቻት የባሏ እህት።

«እሜቴስ? አንድ ቤት አንድ ውሻ ነው የሚሉት። አንዱን ለማዳን ሌላውን ላስበላ?»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊለት።»

«ለምን እፈልግለታለሁ? ባለቤት አለው እኮ!»

እሑድ ነዋሪው በስብሰባ አዳራሹ ሲሰበሰብ ልብስ ሰፊዋ ቀዩን አስከትላ ገባች። እጇን አውጥታ ተነሳች። «ይሄ ውሻ ባለቤት አለው። ሰብሳቢው ናቸው።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «የኔ እመቤት፣ ዘበኛው ሲጠይቅዎ ‹ባለቤት የለም፣ ሞቷል› ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ያልኩት ስለ ባሌ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «እንግዲያማ እርስዎም ሰኞ ሊወገዱ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቁ ጨመረ። ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ወደ ፊት ሄዳ ጥብጣቡን ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ቀጥላ የውሻውን አገጭ ቀና አደረገች። የፊተኛው ረድፍ ቁስሉን አየና ሳቁን አቆመ፤ የኋላዎቹ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጥብጣብ ሁሉ አንድ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«ስፌቱ የኔ ነው። እኔ የገዛ ስፌቴን ላላውቅ?»

«እኔም ነበርኩ» አለች የባሏ እህት ከወንበሯ ተነስታ። «‹ሰው ሁሉ ይስማኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጊዜ የለንም፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለ ሰብሳቢው።

«አናልፍም!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዕድሜውን አክብራ ስትጠራው የኖረችበትን አንቱታ እንደ ክር በጠሰችው።

«ተነስ! ያን እጅህን ደረትህ ላይ መልሰውና እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማህ መልስልኝ፤ የዚህ ውሻ ባለቤት ማን ነው?»