አሥራ ሰባተኛው መጋጠሚያ

የመኪናዬን፣ የፎርራነሬን ጣሪያ ሦስት ጊዜ ለካሁት። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ። ሦስቱም ልኬቶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ልኬቱን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ሬክስዴል ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ጋሽ ተክለ ማርያም ጋራዥ ሄድኩ።

ጋሽ ተክሌ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ካናዳ ከገቡ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ፖርቶመጋላ ይበይዱ ነበር፤ ዕቃ የሚጫንበትን፣ ጣሪያ ላይ የሚታሰረውን ብረት ማለቴ ነው። እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኢቶቢኮ በሚገኝ የተጎታች ፋብሪካ በያጅ ነበሩ። እኔ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ የምሠራው የሌሎች ሰዎችን ብየዳ በሚፈትሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ለመኪናዬ ፖርቶመጋላ ልንሠራ፣ እሳቸው ሊበይዱ፣ እኔ ልለካና ልቆርጥ ተስማማን።

"ከሱቅ ብትገዢው አይሻልም?" አሉ ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ፣ በጋራዡ በር ብቅ ብለው።

"የሱቁ ድንኳኑንና ታንኳውን አንድ ላይ አይችልም" አልኳቸው። በግንቦቱ የቪክቶሪያ ዴይ በዓል ዕረፍት ከባሌ ከይዲድያ ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቆቹ ልንሄድ አቅደን ነበር።

"ተያት እስቲ" አሉ ጋሽ ተክሌ። "ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሣር ብቻ ነው የማጭደው።"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ብረቱን ቆረጥን። ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው፣ የብረቱ ውፍረት ሁለት ሚሊሜትር። መጋጠሚያዎቹ ሃያ አራት ሆኑ፤ እያንዳንዱን በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት። በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሽ ተክሌ መበየድ ጀመሩ። የላይኞቹን ሲጨርሱ አየኋቸው፤ መስመራቸው እኩል፣ ሞገዱ የተደረደረ ሳንቲም ይመስል ነበር። በሰባ አራት ዓመታቸው እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

ከሥር ያሉት ሲቀሩ "እንገልብጠው?" አልኳቸው።

"ምን ያለፋሻል፤ ከባድ ነው። እኔ ከሥር እገባለሁ።"

ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተኙ። የሚያደርጉት መነጽር በላይኛው ግማሹ ሩቅ፣ በታችኛው ግማሹ ቅርብ የሚያሳይ ነው። ተኝተው ወደ ላይ ሲያዩ ብረቱ የሚውለው በላይኛው ግማሽ ላይ ነው። አገጫቸውን ደጋግመው ሲያነሱ አየሁ። አየሁ እንጂ ነገሩን በዚያን ሰዓት አላገናኘሁትም።

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ በባትሪ ከሥር አየሁት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። ብየዳው በአንደኛው ብረት ላይ ተኝቷል እንጂ ሌላኛውን አልነከሰውም። በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ነበረች። ያ መጋጠሚያ የፊተኛውን እግር የሚይዘው ነው፤ ታንኳውን ከፊት ንፋስ ሲያነሳው ኃይሉን በሙሉ የሚቀበለው እሱ ነው።

ጋሽ ተክሌ ፎጣ እንደያዙ ተመለሱ። "እንዴት ነው?"

"ቆንጆ ነው ጋሼ።"

"ቼክ አደረግሽው?"

"አድርጌዋለሁ።"

ሁለቱም እውነት ነበር፤ የላይኛው ቆንጆ ነው፣ የታችኛውንም ቼክ አድርጌዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ሥራ ቦታ ልክ እንደዚያ ያለ ብየዳ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። በያጁን አላውቀውም። ጉድለቱን በጠመኔ ከበብኩት፣ "አይሆንም" ብዬ ፈረምኩ፣ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ወደ ቤት ስነዳ አራት መቶ አንድ አውራ ጎዳና ላይ ከኋላዬ አንድ ቫን ነበር፤ ከፊት ሁለት ሰዎች፣ ከኋላ የሕፃን ወንበር። በመካከላችን ያለው ርቀት ከሃያ ሜትር አይበልጥም። ሳምንቱን ሙሉ በመስታወቴ ወደ ኋላ ሳይ ከረምኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጋራዡ ስደርስ ጋሽ ተክሌ ጥቁር ቀለም እያማሰሉ ነበር። ከተቀባ በኋላ ያቺን መስመር ማንም አያያትም። እሳቸው ብሩሽ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ሲገቡ ጠመኔ አነሳሁ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ካርቶኑ ላይ ተኝቼ አሥራ ሰባተኛውን ከበብኩት።

ሲመለሱ እግሬ ከሥር ወጥቶ አዩት።

"ምን ወደቀብሽ?"

"ምንም። ይዩት ጋሼ።"

ዝቅ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ። በጥፍራቸው መስመሯን ነኩ።

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ያለፈው ቅዳሜ።"

"ሥራ ቦታሽ እንዲህ ያለ ሲመጣ ሳምንት ታስቀምጪዋለሽ?"

"አላስቀምጥም።"

"ታዲያ እኔ ምን በደልኩሽ?"

"እርስዎን እንዴት ብዬ..." ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

"ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ስሠራ ፈታሾቹ ስንቱን ከበው መልሰውልኛል! በያጅ እኮ ነኝ፣ ጳጳስ አይደለሁም።" ቀለሙን ከደኑት። "የማልከበብ የሆንኩት መቼ ነው?"

"መገልበጥ ነበረብን" አልኩ። "መነጽርዎ ተኝተው ሲሠሩ ቅርቡን አያሳይዎትም።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "አይቼዋለሁ" አሉ። "ያኔም ደብዝዞብኝ ነበር። አንቺን ብረት ላሸክም አልኩና ነው።"

እትዬ አሰፋሽ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። "እሱ አንቺን ላለማድከም፣ አንቺ እሱን ላለማስቀየም! በይሉኝታችሁ መንገድ ላይ ሰው ልትፈጁ ነበር" አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። "በሉ፣ የቱን ጫፍ ልያዝ?"

ለሦስት ገለበጥነው። እንደፈራነው ከባድ አልነበረም። ጋሽ ተክሌ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት፣ አሥራ ሰባተኛውን በኤሌክትሪክ መሞረጃው፣ በግራይንደሩ ጠርገው አወጡት፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው እንደ አዲስ በየዱት። ሲበርድ የተደረደረው ሳንቲም ተመልሶ መጣ።

"አሁን እንደ ሥራ ቦታሽ አድርጊ" አሉ። "ሁሉንም።"

ከመኪናዬ መፈተሻዎቹን አመጣሁ። ቀዩ ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጩ ይነፋበታል፤ ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። አሥራ ሰባተኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹም ነጭ ሆኑ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። በጠመኔ ከበብኳት።

"እቺማ የመርፌ ጫፍ ናት!" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"የመርፌ ጫፍም ትከበባለች ጋሼ።"

"ጨካኝ ናት" አሉ ለሚስታቸው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ፣ ግራይንደሩን ለማንሳት ጎንበስ እያሉ። "አባቷም እንዲህ ነበር።"

ቀለሙን የቀባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ብሩሹን ሲያጥቡ "ዓመት ሲሞላው አምጪው" አሉኝ። "እንደገና ቼክ እናደርገዋለን።"

"ፖርቶመጋላውን ነው ወይስ አንተን?" አሉ እትዬ አሰፋሽ።

"ሁለታችንንም" አሉ።

ቀኑን ስልኬ ላይ መዘገብኩት።