ሐምራዊዋ ትራያምፍ

ፈትለወርቅ ኪራኮስ መኪና ሥር ያደገች ሴት ናት። አባቷ ሳሪስ ውስጥ የባትላሜራ ጋራዥ ነበራቸው፤ እኩዮቿ ገመድ ሲዘሉ እሷ የተጎዳ ላሜራ የሚደፈንበትን ስቱኮ ስታቦካ ትውል ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፈች፤ ከዚያ ኮሌጅ ገብታ የመካኒክ ላይሰንሷን አወጣች። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ የቆዩ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናዎችን በጨረታ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ መርማሪ ነበረች። መኪናው ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፣ ያየችውን ትጽፋለች፣ ከሥሩ ስሟን ታሰፍራለች። ገዢው ያንን ወረቀት አምኖ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።

በማርች መጀመሪያ ላይ አንዲት የ1972 ትራያምፍ መጣች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ቀለሟ ጥቁር ሐምራዊ። ፈትለወርቅ የእንግሊዝ መኪናዎችን ሁሉ ትወዳለች፤ ለትራያምፍ ግን ታዳላለች። ቁልፉን አዙራ ስታስነሳት ሞተሩ ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ ደረቷ ድረስ ተሰማት። ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ በሊፍት አንስታ ሥሯ ገባች።

የመኪናዋ ሆድ በሙሉ አዲስ ጥቁር ቅብ ተቀብቷል። ሽታው እንኳን አልጠፋም። ሃምሳ ዓመት የተነዳ መኪና ሥሩ እንዲህ አያምርም። ፈትለወርቅ ከኪሷ ማግኔት አውጥታ መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲው ላይ አስኬደችው። የኋላው ጎማ ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ አልይዝ አለ። በትንሿ መዶሻዋ መታ መታ ስታደርገው እንደ ካርቶን ድም ድም አለ። ቅቡን ፋቀችው፤ ስቱኮ ነው። ስቱኮውን ስትፍቀው የዛገው ብረት እንደ ብስኩት እየተፈረፈረ ፊቷ ላይ ወረደ። በሌላውም በኩል እንደዚያው።

ፎቶ አነሳችና ጻፈች፦ «ሻንሲው ከኋላ በኩል በዝገት ተበልቷል። ጉዳቱ በስቱኮና በቅብ ተሸፍኗል። ሳይጠገን መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።» ፈረመችበት።

ከሳምንት በኋላ ምሳዋን እየበላች የጨረታውን ዝርዝር በስልኳ ከፈተች። ተራ ቁጥር አርባ ሰባት። ሐምራዊዋ ትራያምፍ ፀሐይ ላይ ፎቶ ተነስታ ታበራለች። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦ «ሻንሲ፦ ጠንካራ፣ ዝገት አልታየበትም። መርማሪ፦ ፈትለወርቅ ኪራኮስ።»

ምሳ ዕቃዋን ዘግታ ቀጥታ ወደ ማናጀሩ ቢሮ ሄደች። ዳረን ይባላል፤ ከሁሉ ጋር ፈገግ የሚል፣ የማንንም ስም የማይረሳ ሰው ነው።

«ይህን እኔ አልጻፍኩም» አለችው ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

ዳረን አነበበና «የጽሑፍ ክፍሉ አሳጥሮት ይሆናል» አላት።

«ማሳጠር አይደለም። ውሸት ነው።»

«ፈትለ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና እኮ ናት። የማይዝግ የት አለ?»

«ሻንሲዋ አልቋል ነው የምልህ! በመቶ ኪሎሜትር ስትሄድ የኋላ ጎማዋ ተገንጥሎ ሊሄድ ይችላል።»

ዳረን ፈገግታውን ሰበሰበ። የመኪናዋ ባለቤት በዓመት አሥር መኪና የሚያመጣላቸው ደንበኛ እንደሆነ ነገራት። ሰውየውን ማስቀየም እንደማይችል ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ? ስምሽን ላንሳው?» አላት።

«የጻፍኩትን መልሰው።»

«ስምሽን አነሳዋለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም። ሥራሽን ትወጂዋለሽ አይደል?»

ከሺፍት ወጥታ አቢዴል ሰፈር ያለው ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ስሟ ተነስቶ ነበር። «ጠንካራ፣ ዝገት አልታየበትም» የሚለው ግን እንዳለ አለ።

ባሏ መዝገቡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «ስምሽ ከተነሳ ታዲያ ምን ቀረ?» አላት።

«መኪናዋ ቀረች።»

«መኪናዋ ያንቺ አይደለችም፣ ፈትሌ። አንቺ የድርሻሽን ጽፈሻል፣ ተናግረሻል። ከዚህ ወዲያ ራሳቸው ይወቁ። ሞርጌጅ አለብን። የልጃችን የማክዳ የኮሌጅ ክፍያ አለ። ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ የት ታገኛለሽ?»

አልተቀየመችውም። መዝገቡ ሁለት ጊዜ ሌይ ኦፍ ተደርጎ ያውቃል፤ ሥራ አጥቶ ሶፋ ላይ የተቀመጠባቸውን ወራት እሷም አልረሳቻቸውም።

ዓርብ ዕለት ተጫራቾች መኪናዎቹን ቀርበው የሚያዩበት ቀን ነበር። ከሬድ ዲር ከተማ የመጡ ባልና ሚስት ከሐምራዊዋ ትራያምፍ አልለይ አሉ። ሁለቱም ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ባልየው ግሌን ይባላል። ሚስቱ ሩት በከዘራ ነው የምትሄደው። ግሌን በወጣትነቱ ልክ እንዲህ ያለች ትራያምፍ ነበረችው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ሸጦ የቤተሰብ መኪና ገዛ። አሁን ልጆቹም አድገው ወጥተዋል፣ እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ጣሪያዋን አጥፈው ተራራውን አቋርጠው ቫንኩቨር ድረስ ሊነዱ አስበዋል። ይህን ሁሉ ለፈትለወርቅ የነገረቻት ሩት ናት።

«አንቺ እዚህ ነው የምትሠሪው አይደል?» አለቻት በመጨረሻ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ደህና መኪና ናት?»

ዳረን ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ወደነሱ አይመለከትም፤ ግን ይሰማል።

«ቆንጆ መኪና ናት» አለች ፈትለወርቅ።

ሩት አመስግና ወደ ባሏ ሄደች። ፈትለወርቅ መጸዳጃ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፤ ንጹሕ እጇን ደጋግማ ታጠበች። መስተዋቱን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ቅዳሜ ጨረታው የሚካሄድበት ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ ኦፍ ናት። ጠዋት ቱታዋን ለብሳ ጫማዋን ስታስር መዝገቡ ከወጥ ቤት ብቅ አለ።

«ዛሬ ኦፍ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

ቱታዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ገባው። «ፈትሌ፣ በእግዚአብሔር…»

«ትናንት ጠየቁኝ፣ መዝገቡ። ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ፣ እኔ ደግሞ ቆንጆ ናት አልኳት። ስሜን አነሱልኝ ብዬ እንዴት ልተኛ? ስሜ ባይኖርበትም እኔ አለሁበት።»

መዝገቡ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አልከለከላትም፤ አይዞሽም አላላትም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጫራቹ ሎይድ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ ከፍ ያለው መድረክ ላይ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያጫርት የኖረ ሰው ነው፤ ምላሱ አይያዝም። የኢንተርኔት ተጫራቾች እንዲያዩ ካሜራ የያዘ ሰው መኪናዎቹን ይዞራል፣ ምስሉም ከመድረኩ በላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። ፈትለወርቅ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

አርባ ሰባተኛዋ ስትገባ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሎይድ ከወረቀቱ ላይ አነበበ፦ «ሞተሯ የተፈተሸ፣ ወንበሮቿ አዲስ፣ ሻንሲዋ ጠንካራ፣ ዝገት ያልነካው!» ጨረታው ከአሥር ሺህ ዶላር ተነስቶ ወዲያው ሃያ ገባ። ግሌን የተጫራች ቁጥሩ የተጻፈበትን ካርድ ከፍ አደረገ። ሌላ ሰው ጨመረ። ግሌንም ጨመረ። ሃያ ስምንት ሺህ ላይ ሌላው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ሩት የባሏን ክንድ ያዘች።

«ሃያ ስምንት አንድ ጊዜ!» አለ ሎይድ።

«ሻንሲዋ በስብሷል!»

ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞርባት ነው። በወንበሮቹ መካከል አልፋ መኪናዋ አጠገብ ደረሰች። ዳረን ከጎን በኩል እየሮጠ መጣ።

«ይቺ ሴት ዛሬ ሥራ ላይ አይደለችም! አስወጧት!»

«አልወጣም» አለች ፈትለወርቅ። «መኪናዋን የመረመርኳት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በስብሷል ብዬ ጻፍኩ፤ እነሱ ጠንካራ ነው ብለው ለወጡት። አስተካክሉ ስላቸው ስሜን ብቻ አነሱ።»

አዳራሹ በጉርምርምታ ተሞላ። ከመሃል አንድ ሰው «ዋጋዋን ጥላ በርካሽ ልትገዛት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ጥቂት ሰዎችም ሳቁ።

ፈትለወርቅ ወደ ድምፁ ዞረች። «ከማንኛችሁም በላይ እወዳታለሁ። ብገዛት ደስ ይለኝ ነበር፣ መጠገንም እችላለሁ። ግን አልገዛትም። ይኸው ተመልከቱ፣ እጄ ለጨረታ አይነሳም!» ሁለት እጆቿን የቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ሎይድ ባርኔጣውን አውልቆ መድረኩ ላይ አስቀመጠ። «ዳረን፣ ሴትየዋ የምትለው እውነት ነው?»

«ሎይድ፣ ቀጥል እባክህ። በኋላ እናወራለን።»

«አልቀጥልም። የአጫራችነቱ ላይሰንስ የኔ ነው። እኔ በሬ ስሸጥ እንኳ አንካሳውን አንካሳ ነው ብዬ ነው የሸጥኩት።» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ክሪክ አምጡ።»

ሁለት ልጆች ክሪኩን እየገፉ አምጥተው በኋላዋ በኩል አነሷት፤ ከሥሯም መደገፊያ ብረት አስገቡላት። ፈትለወርቅ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሥሯ ገባች። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይጠራ አጠገቧ ተንበረከከ። ካቻቢቴዋን ከጭን ኪሷ አወጣች። እሷ የፋቀችው ቦታ በድጋሚ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ቅብ ተቀብቶ አገኘችው። ያን ጊዜ የቀረው ፍርሃቷ በሙሉ ለቀቃት። ካቻቢቴውን ቅቡ ላይ አሳርፋ በመዳፏ ገፋችው።

እስከ እጀታው ገባ።

ስክሪኑ ላይ ያየው ሕዝብ እንደ አንድ ሰው «ኦ!» አለ። ሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሎይድ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። የቀረበው ዋጋ በሙሉ መሰረዙን ተናገረና መኪናዋን እንዳለች፣ ከነዝገቷ፣ እንደገና ለጨረታ አቀረባት። ግሌን ቁጥሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ትራያምፏን በስምንት ሺህ የወሰዳት ሌዝብሪጅ ከተማ ውስጥ ሻንሲ የሚሠራ በያጅ ነው፤ ምን እንደሚገዛ አውቆ።

ፈትለወርቅ ልብሷን እያራገፈች ስትነሳ ግሌን ፊቷ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል። ምስጋና አይደለም ይዞ የመጣው።

«ትናንት ጠየቅንሽ» አላት። «ትናንት ብትነግሪን ኖሮ እዚህ ሕዝብ ፊት እንዲህ አንሆንም ነበር።»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ትናንት ፈርቼ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ግሌን ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሩት ኋላው ቀርታ፣ ከዘራዋን ወደ ግራ እጇ አዛውራ፣ የፈትለወርቅን ቅባት የነካው እጅ ጥብቅ አድርጋ ጨበጠችው። ከዚያ ባሏን ተከተለች።

ዳረን ጓሮ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። «ካርድሽን» አላት። መግቢያ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። «በዚህ በኩል ውጪ።»

«የመጣሁት በፊት በር ነው» አለችውና የመሣሪያ ሳጥኗን ከወርክሾፑ እየጎተተች በአዳራሹ መሃል፣ በሕዝቡ ፊት አልፋ ወጣች። የሳጥኑ አንድ ጎማ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሲጮህ ነበር። ማንም አልሳቀም።

በአሥረኛው ቀን ከድርጅቱ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ። የሁለት ወር ደሞዝና ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጧታል፤ እሷ ደግሞ በምርመራዋ መሳሳቷን አምና፣ ስለ ጉዳዩ ዳግም ላለመናገር ትፈርማለች። መዝገቡ ቆሞ አነበበው፤ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። ፈትለወርቅ ድስቱን እያማሰለች ጀርባዋን ሰጠችው። ፈርሚ ቢላት ምን እንደምትመልስ አሰናድታለች።

«ተሳስቻለሁ በይ ነው የሚለው» አለ።

«አዎ።»

«ተሳስተሽ ነበር እንዴ?»

«አልተሳሳትኩም።»

«እና ምኑ ነው የሚፈረመው?» ደብዳቤውን ከፊቱ ገፋው። «ያን ቀን በር ላይ ብቻሽን ለቀቅኩሽ፤ የጨረታውን ቪዲዮ አውቶቡስ ላይ ሰዎች ሲያዩት ነው ያየሁት። ሚስቴ ናት አልኳቸው። ኦቨርታይም እጠይቃለሁ፤ እንኖራለን።»

ፈትለወርቅ ማማሰያውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ላፕቶፗን አምጥታ ፎቶዎቹንና የመጀመሪያውን ሪፖርት የመኪና ንግድ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ላከች። ምርመራው እስካሁን አላለቀም። ሁለት ጊዜ ጠርተዋት ሁለቱንም ጊዜ ሄዳለች።

ሥራ ያገኘችው በሜይ ነው፤ ፔንብሩክ አካባቢ፣ የዕቃ ማድረሻ ቫኖችን በሚጠግን ትንሽ ጋራዥ። ደሞዙ ከበፊቱ ያንሳል፤ ሐምራዊ ቀለምና ረጅም ኮፈን ያለው ነገርም አይገባበትም። የመጀመሪያ ቀን ባለጋራዡ ወረቀቶቿን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

«ያቺ የጨረታዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እዚህም ልትጮኺ ነው?»

«የሚያስጮህ ነገር ካለ።»

ሰውየው ሊፍት ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ቫን በእጁ አመለከታትና «በይ እንግዲህ» አለ፤ «ፍሬኑን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። እስቲ አንቺ እይው።»

ፈትለወርቅ ጓንቷን አጥልቃ ሥሩ ገባች።