ረቂቁን አየሽው?

«እንዴ!» አለች እንግዳዋ፣ በሩ ላይ እንደቆመች የያዘችውን አበባ ደረቷ ላይ ለጥፋ። «እርስዎ... አልሞቱም እንዴ?»

በሩን የከፈተችው የቤቱ ልጅ፣ ነርሷ ነበረች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ ማበጠሪያ ካየ ሦስት ቀኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ያን ያህል የሚያስቀይም አልነበረም።

«የሞተው አባቴ ነው» አለች።

«ውይ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት! ግን እኮ እኔ የመጣሁት እርስዎ ሞቱ ተብሎ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ!» እንግዳዋ አበባውን ብብቷ ሥር አድርጋ ስልኳን አወጣች። «ይኸው፣ ይዩት።»

ስልኩ ላይ ያለው «አትጣሉት» የሚለው ብሎግ ነው። ከላይ የነርሷ ፎቶ አለ፤ ነርስ ሳትሆን በፊት፣ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ ስትስቅ። ከታች፣ ከአስተያየቶቹ መካከል፣ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ገጽ ጸሐፊ እሑድ ዐርፏል። ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ፣ ቤቱ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው።»

«‹ዐርፏል› የሚለውን የፊደል ስህተት ነው ብዬ፣ ‹ዐርፋለች› ለማለት ነው ብዬ...»

«የምን የፊደል ስህተት!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ቡናውን እንደያዘ ከወንበሩ ተነሥቷል። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ዐርፏል አልኩ፣ ዐርፏል ነው።»

ነርሷ ዞር አለች። «ጋሼ፣ ብሎጉን የሚጽፈው አባዬ ነበር ማለትህ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ከሚገባው በላይ ፀጉር እንደቆረጠ ሰው ወደ ቡናው አቀረቀረ። «ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ ቁጭ እያለ።

ሟቹን ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው «ሐሙስ» ብሎ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፣ እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ግን የዝናብ። ሱሪም ውሰዱለት የሠርግ ልብስም፣ «ሐሙስ ውሰድ» ይላል፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ብቻ አይናገርም። ሠርጉን በተውሶ ኮት ደግሶ የራሱን ልብስ የተረከበው የመጀመሪያ ልጁ ጥርስ ካበቀለ በኋላ የሆነ ሰው እዚሁ ሰፈር አለ። ሰኞ ከቀብር ሲመለሱ አንዱ ለቀስተኛ ለጎኑ፣ «እኔስ መላእክቱንም ሐሙስ ይቀጥራቸዋል ብዬ ነበር» ሲል አክስትየው፣ የሟቹ ታላቅ እህት፣ ሰምታ በዓይኗ አነሣችው፣ በዓይኗ ጣለችው።

ልጁ፣ የዛሬዋ ነርስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ አብራው ሰፍታለች። ብሎጉን የጀመረችው ያኔ ነው። የተበላ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ እንዴት እንደሚድን ትጽፋለች፤ ሰዉም ይወዳት ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነርስነት ልማር ብላ ተነሣች። አባትየው «መርፌ ለመርፌ ነው፣ ሂጂ» አላት። ተመረቀች፤ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘች። በዚያው ዓመት አገባች። የምረቃ ስጦታ ነጭ ጋውን እሰፋልሻለሁ ብሏት ነበር፤ ሐሙስ። ከሱቅ ገዝታ ሥራ ጀመረች።

ብሎጉን ግን ወዲያው አልተወችውም። አውቶቡስ ላይ ትጽፋለች፣ በምሳ ሰዓት ትጽፋለች፤ አንዴ ስልኩ ከእጇ አምልጦ ሾርባ ውስጥ ገብቷል። አዲስ አለቃ፣ አዲስ ባል፣ አዲስ ቤት። ሁሉም «እኔን ብቻ» ይላል። አንድ ቀን እረፍት ወስዳ መጣችና «አባዬ፣ ልዘጋው ነው» አለችው።

«ስሙ ‹አትጣሉት› ሆኖ አንቺው ልትጥይው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ለእኔ ስጪኝ። እይዘዋለሁ።»

ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር አስገባችለት፣ የገጹን ማዘዣዎች ሁሉ ወደ አማርኛ ቀየረችለት፣ የይለፍ ቃሉን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈችለት። «ለአስተያየቶቹ ብቻ መልስ ስጥ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሎጉን ከፍታ አታውቅም። የተውሽውን ነገር ማየት ከባድ ነው፤ የተውሽው እያየሽ ይመስላል።

እሱ ደግሞ በሁለት ጣት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈ። በሕይወቱ በቀኑ ያደረሰው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። አማርኛ ደግሞ ደግ ነው፤ «ሰፋሁ»፣ «ተረተርኩ» ሲባል ተናጋሪው ሴት ይሁን ወንድ አይለይም። አንባቢ የልጅቱን ፎቶ እያየ የአባትየውን ቃል ያነብ ነበር።

ይህን ሁሉ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ነገራት፤ እንግዳዋ አበባዋን ይዛ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ እያዳመጠች። እንግዳዋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ስትሄድ የነርሷን እጅ ያዘችና «ባለፈው ሳምንት ስለ ኪስ የጻፉት... የጻፉት አባትዎ ማለቴ ነው... አልቅሼበታለሁ። በኪስ!» አለች።

አክስትየው ስለ ብሎግ ደንታ የላትም። እሷ የሳሎኑን ሰፊ ወንበር ይዛ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትደግማለች። «ድንገት ነው የሄደብኝ። ምንም ምልክት አልነበረውም። ነርስ ልጅ እያለችው! ትንሽ ቢያመው ለእሷ አይነግራትም?» ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል። ነርሷ ሻይ ታቀርባለች። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጊዜ ላይ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ የስኳሩን ማንኪያ እንደያዘች ቆመች።

ትዝ ያላት የስልክ ጥሪ ነው። ከአራት ወር በፊት ይሆናል። ሁለት አልጋ ባንዴ ይጠሯታል፣ አለቃዋ ከበሩ እያየቻት ነው፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛዋለች።

«ረቂቁን አየሽው?» አላት አባቷ።

የምን ረቂቅ እንደሆነ አላወቀችም። ብትጠይቀው ይረዝማል። «አየሁት አባዬ፣ በጣም ጥሩ ነው።»

«በጣም ጥሩ ነው?»

«በጣም! በል እደውላለሁ።»

«እንግዲያው ጥሩ» አለ። ሳል አድርጎ ዘጋ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ፣ ፀጉር አስተካካዩን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ሁለቱ መኪናዎች እንደነበሩ ናቸው። ያልተረከቡት ልብሶች በገመድ ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ከመካከላቸው ያ ነጭ ጋውን፣ ጫፉ በስፒል ተይዞ። መቀሱን እሑድ ከእጁ ከወደቀበት ማንም አላነሣውም።

«ጋሼ፣ አባዬ ‹ረቂቅ› የሚለው ምኑን ነው?»

«እሱማ ትልቁ ነገሩ ነው!» ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛውን ሲያደንቅ ፊቱ በራ። «ተራ ተራውን ሐሙስ ያወጣዋል። ጥልቅ ጥልቁን፣ ረቂቁን ደግሞ፣ ‹ረቂቅ› የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ያኖረዋል። ለገባው ሰው ነው ይላል። አንድም አስተያየት መጥቶለት አያውቅም። ‹ከብዷቸው ነው› ይል ነበር።»

ነርሷ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበጠሰ።

«ጋሼ፣ ረቂቅ ማለት እኮ እዚህ... ያላለቀ ማለት ነው። ያልወጣ። ከባለቤቱ በቀር ማንም አያየውም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«አንቺስ?»

«ብከፍተው አየው ነበር።»

ከፈተችው። ሠላሳ ሰባት ነበሩ። አንዱ የሟች ባሏን ኮት በልኳ አጥብብልኝ ስላለች ሴት ነው፤ ሲያጠብበው የሰውየው ጠረን ከገበሩ እንዳይወጣ ሳይተኩስ እንደ ሰጣት ይናገራል። ሌላው ደግሞ መቀስ በጥሩ ጨርቅና በመጥፎ ጨርቅ ላይ የሚያሰማው ድምፅ እንዴት እንደሚለያይ ይተርካል። ከወጡት ሁሉ እነዚህ ይበልጣሉ። አባቷ አልተሳሳተም፤ ረቂቆች ነበሩ።

ከአራት ወር በፊት የተጻፈው ርእሱ «ስለ ግራ እጅ» ይላል።

«ስፌት የቀኝ እጅ ሥራ ነው የሚል ሰው ሰፍቶ አያውቅም። ቀኝ ይሰፋል፣ ግራ ይይዛል። ካልተያዘ አይሰፋም። የእኔ ግራ ከወር ወዲህ መያዝ እየረሳ ነው። ትናንት ጨርቁን ለቀቀው፤ እኔ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አፌም በዚያው በኩል ይተሳሰራል፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይለቀኛል። ይህን በስልክ ብነግራት ልጄ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ሥራዋ ጥብቅ ነው፤ በአለቃዋ ፊት አላሳጣትም። እዚህ ባኖረው ሲመቻት ታነበዋለች። እሷ ታውቃለች። ክፉ ከሆነ ትነግረኛለች።»

ነርሷ የምትሠራው እንዲህ ያሉ ሰዎች በስትሮክ ተመትተው ዘግይተው በሚመጡበት ክፍል ነው። ለቤተሰብ የሚነገረውን በቃሏ ታውቀዋለች። እጅ ቢዝል፣ አፍ ቢተሳሰር፣ ቢመለስም እንኳ፣ ዛሬውኑ አምጡት። በቀን ሦስት ጊዜ ትለዋለች።

ፀጉር አስተካካዩ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አንብቦ ጨረሰ። «ሐኪም ጋ ሂድ ብዬው ነበር» አለ። «‹ልጄ አንብባው በጣም ጥሩ ነው አለች፤ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል› አለኝ። እኔም ነርስ ካለችማ ብዬ ተውኩት። መቀስ ከእጁ ሲወድቅ እኮ እስቅበት ነበር።»

ከጽሑፉ ሥር ሁለት ማዘዣዎች አሉ። አንዱ «አትም»፣ አንዱ «ሰርዝ» ይላል። ነርሷ ሁለቱንም ስታይ ቆየች።

«ማንም አላየውም» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወደ ሌላ እያየ። «እኔ ደግሞ ምላሴን ከያዝኩት...»

ከሳሎን የአክስትየው ድምፅ ይሰማል። «ነርስ ልጅ እያለችው!» ነርሷ ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣች።

ያን ቀን ምንም አላደረገችም። ባሏ ሲደውል «ደህና ነኝ» አለችው። አለቃዋ ደውላ ሰኞ ትመለሺያለሽ ወይ ስትላት «እመለሳለሁ» አለች፤ ሰዎች ወደሚተኙበት ወደዚያ ክፍል፣ ያንኑ ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ልትናገር። በምን አፏ?

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሳሎኑ ሞላ። አክስትየው ለአዲስ ለቀስተኞች ጀመረች። «ምንም ምልክት አልነበረውም። ትንሽ ቢያመው ለእሷ አይነግራትም?»

«ነግሮኝ ነበር፣ አክስቴ።»

ነርሷ ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። ሻይ የምትጠጣ አንዲት ሴትዮ ሲኒዋን ከአፏ መለሰች።

«ምን?» አለች አክስትየው።

«ጽፎልኝ ነበር። ከአራት ወር በፊት። አየሽው ወይ አለኝ፤ ሳላየው አየሁት አልኩት። በጣም ጥሩ ነው አልኩት።»

አክስትየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የአንዱ ለቀስተኛ ወንበር ሲጢጥ አለ። ነርሷ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ሱቁ ሄደች።

ጽሑፉን አንድ ፊደል ሳትነካ ከሥሩ ይህን ጨመረችበት፦ «ይህን የጻፈው አባቴ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበባችሁት ሁሉ የእሱ ነው። ይህን ግን ለእኔ ነበር የጻፈው። ያነበብኩት ትናንት ነው።» ከዚያ «አትም» የሚለውን ተጫነች። ከላይ ያለውን የራሷን ፎቶ ለማንሣት ሞከረች፤ እንዴት እንደሚነሣ ጠፋባት፤ ተወችው።

ፀጉር አስተካካዩ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አክስትየው ሻይ ይዛ መጣች። ማንንም ሳታይ ብርጭቆውን መኪናው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ፤ ሻዩ ትንሽ ፈሰሰ። በእጇ ጠረገችውና ወጣች።

ነርሷ ነጩን ጋውን ከገመዱ አወረደችው። በሁለተኛው መኪና፣ በድሮ ቦታዋ ተቀመጠች። መርፌው ውስጥ ክር አስገባች፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ጫፉን በግራ እጇ ያዘችው፤ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ ጥብቅ አድርጋ።

«በጣም ዘገየሁ» አለች፣ ከጨርቁ ቀና ሳትል። «አይደል ጋሼ?»

ፀጉር አስተካካዩ በገመዱ ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች አየ፣ እስከ ዳር ድረስ።

«ያቺ ቡናማዋ ሱሪ የእኔ ናት» አለ። «አራት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ውሰድ ብሎኛል።»