«መርዶ» የሚል ሁሉ

ማንሆ በኮሪያዋ ጆንጁ ከተማ ጋያጉም የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራል። እንጨቱን ይጠርባል፣ የሐር ክሮቹን ይወጥራል። ትእዛዝ የሚመጣለት በኢሜይል ነው። ብርዱ ሲገባ አንድ የሐሰት መርዶ ደረሰው። እገሌ አርፏል፣ የለቅሶውን አዳራሽ ለማወቅ ይህን ይጫኑ ይላል። ተጫነው። ያው መርዶ በእሱ ስም ለሚያውቃቸው ሁሉ ተበተነ። ይቅርታ ሲጠይቅ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ማጣሪያውን በራሱ እጅ አጠበቀው። «መርዶ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ወደ አይፈለጌ መልእክት ሳጥን እንዲሄድ አዘዘ። ሰላም አገኘ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁ ሄሪን ልትጠይቀው መጣች። ኮምፒውተሩን አይታ ሳቀች።

«አባዬ፣ ማጣሪያ ነው ያልከኝ? ግንብ ነው እንጂ የገነባኸው።»

«ግንብ ይሻለኛል። በስልሳ ዓመቴ የኮምፒውተር ሊቅ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በአንድ ቃል ብቻ አትዝጋ። የምታውቃቸውን ሰዎች አድራሻ እዚህ አስገባ፣ እነሱ ይለፉ። ሌላውን ማሽኑ ይገምት። አንተ ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን እያየህ ሲሳሳት ንገረው። በቃ።»

ለማሳየት ሳጥኑን ከፈተችው። የብድርና የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶታል። ከመካከላቸው አንዱ ትናንት የገባ ነበር። «መርዶ። አቶ ቢዮን ታሶክ አርፈዋል። አዳራሽ ቁጥር ሦስት። አስከሬኑ እሑድ ንጋት ላይ ይወጣል።» ከሥሩ የሐዘን ገንዘብ የሚላክበት የባንክ ቁጥርና የሚጫኑት ሰማያዊ መስመር አለ። የላኪውን አድራሻ አያውቁትም።

ሐሰተኛ መርዶ እንዲህ ነው የሚጻፈው። እውነተኛውም እንዲሁ።

ታሶክ ከማንሆ ጋር ከአንድ መምህር ሥር ሙያውን የተማረ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ወዳጁ ነው።

«ደውልላቸው» አለች ሄሪን።

«ምን ልበል? ጋሼ፣ ሞተዋል እንዴ? ልበላቸው?»

«ጤናዎን ልጠይቅ ብዬ ነው በል።»

«ዓመት ሙሉ ጠፍቼ? ይሰድቡኛል።»

«ይስደቡህ።»

ደወለ። ስልኩ ሲጠራ፣ ታሶክ አንስቶ እንዲሰድበው ተመኘ። አንድ መልእክት ማጭበርበሪያ እንዲሆንለት እንዲህ ለምኖ አያውቅም።

የጎልማሳ ድምፅ መለሰ። «የአባቴ ስልክ ነው።»

ማንሆ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ከሄሪን ጋር ወደ ለቅሶው ሄደ። ከአዳራሹ ደጃፍ የወለቁት ጫማዎች ጥቂት ነበሩ። በሟቹ ፎቶ ፊት ሁለት ጊዜ ሰገደ። የታሶክ ልጅ አጸፋውን ሰግዶ ቀና ሲል ዓይኑ አብጦ ነበር። ከኋላው በተደረደሩት ጠረጴዛዎች ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ለሁሉም ልከናል» አለ ልጁ። «በአዳራሹ የኢሜይል አድራሻ ነው የሄደው። ሐሰት መስሏቸው ይሆናል። ነገ የአስከሬኑን ሣጥን የሚሸከምልን እንኳ አልሞላም። እኔና አማቼ ብቻ ነን።»

ማንሆ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጥግ ይዞ ተቀመጠና አብሯቸው ለተማረው ለሙኒል ደወለ።

«ሙኒል፣ ማንሆ ነኝ። ጋሽ ታሶክ አረፉ።»

«ኢሜይሉ አልበቃ ብሏችሁ በስልክ ጀመራችሁ? ደግሞ ድምፁን ጥሩ አድርጋችሁ አስመስላችኋል!»

«አንተ ጅል፣ እኔ ነኝ!»

«እሺ፣ ማንሆ ከሆንክ መምህራችን የትኛውን ጆሮህን ነበር የሚጎትቱት?»

«የሚጎተተው ያንተ ነበር። እኔንማ ጋሽ ታሶክ ከኋላቸው ይሸሽጉኝ...» አልጨረሰውም።

ሙኒል አመነው። «የት ናችሁ?» አለ።

«አዳራሽ ሦስት። ተሸካሚ ጎድሏል።»

«አንተ አብረውን ለተማሩት ለነቾልሚን ደውል። ድምፅህን ይስሙ። ለቀሩት እኔ እደውላለሁ።»

ማንሆ ሲደውል አመሸ። ሄሪን ቁጥር እያወጣች ስልኩን ትሰጠው ነበር። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ጠረጴዛዎቹም አንድ በአንድ ሰው ያዛቸው።

ሲነጋ ሣጥኑን ስድስት ሰዎች አነሡት፤ አራቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሙኒል ከማንሆ ትይዩ ነበር። ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጠረው።

«ቀስ በል አንተ» አለ። «ጋሼ ሲያጣድፏቸው አይወዱም።»

ማንሆ እርምጃውን አዘገየ። ሌሎቹም አዘገዩ።