አቀበቱን የወጣው ጎማ

ስድስተኛው የብረት ብይ ወደ ጎማው መጋጠሚያ አልገባም አለ። አምስቱ በየቦታቸው ቁጭ ብለዋል፤ ይኼኛው ብቻ በግራሶ ከተለወሰው የመካኒኩ ጣት እየሾለከ ያስቸግራል። የጤና ጣቢያው ክፍት መኪና አጠገቡ ክሪክ ላይ ቆማለች፤ የፊት ቀኝ ጎማዋ ወልቋል። ነርሷ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ ስልኳን ጨብጣ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ተራራው ላይ ባለው መንደር አንዲት ሴት ከንጋት ጀምሮ ምጥ ላይ እንደሆነች፣ ልጁም አግድም እንደተኛ ተደውሎ ተነግሯታል። እዚያ የምትደርስ መኪና ይህችው ብቻ ናት።

መካኒኩ ብዮቹን የሚይዘውን ቀለበት ይበልጥ አዘመመው። በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ብዩ ቀጭ ብሎ ገባ። አዲስ ግራሶ ጠቀጠቀበት፣ የላስቲክ ሽፋኑን አልብሶ አሰረ፣ አክስሉን ወደ ቦታው መልሶ ጎማውን ገጠመ።

«አብረውኝ ይውጡ፣ ጋሼ» አለችው። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሲስተር መሪውን ስትይዝ እሱ የመፍቻ ከረጢቱን ይዞ ጎኗ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ይህችን መኪና ሲፈታ ሲገጥም ኖሯል፤ የምትሄድበትን መንገድ ግን አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቃት በሆዷ በኩል ነው።

አስፋልቱ አልቆ አቀበቱ ሲጀምር መንገድ የሚባል ነገር ጠፋ። ድንጋይ ብቻ። ሲስተር ፍርሃቷን ለመርሳት ስለ ባሏ ማንኮራፋት ታወራለች፤ እሱ አልሰማትም። በጎን አጎንብሶ ጎማውን ያያል። ጎማው ቋጥኝ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይዘፈቃል፣ ወደ ገደሉ ዞሮ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ መጋጠሚያውም እንደ ክርን እየታጠፈ እየተዘረጋ፣ አንዴም ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። እነዚያ ብዮች ላስቲኩ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ማንም ሳያያቸው፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው እያቀበሉ ተራራ ይወጣሉ። ስንት ዘመን እጁን ሲያቆሽሸው የኖረው ነገር ለካ ይህን ነው የሚሠራው። ወደ ጎማው ይበልጥ አጎነበሰ።

«ምነው፣ ጎማው ደህና አይደለም?»

«ደህና ነው። አንቺ ፊት ፊትሽን እይ።»

መንደሩ ሲደርሱ ሰዎቹ ሴትየዋን ተሸክመው ከኋላ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አስተኟት። ሲስተር ሆዷን ዳብሳ ከታች ሆስፒታል በቶሎ መድረስ እንዳለባት ተናገረች። ከኋላ ሌላ ሰው አይይዝም። ሴትየዋ ግን ያለ እናቷ አልሄድም አለች። እናትየው የልጃቸውን ፊት ያያሉ፤ ልሂድ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

መካኒኩ ከወንበሩ ወረደ። «ይግቡ፣ እናቴ።»

ሲስተር ክንዱን ይዛ ገለል አደረገችው። ቁልቁለቱ ከአቀበቱ እንደሚብስ፣ በእግር ደግሞ አራት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረችው።

«ቢሰበርብኝስ?»

መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ስለ አንድም መኪና ለማንም ዋስ ሆኖ አያውቅም። ብረት ነው፣ ምን ይታወቃል፣ ነበር የሚለው።

«አይሰበርም» አላት።

መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮውን ጥሎ ቆመ፤ ከዚያ ከረጢቱን አንግቦ ተከተለ።

ሦስት ሰዓት ያህል እንደተጓዘ ስልኩ ጮኸ፤ ሲስተር ናት። በኦፕራሲዮን ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሲስተር እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ መለየት አልቻለም። መኪናዋን ይዛ መጥታ ካለበት ትውሰደው እንደሆነ ጠየቀችው።

የጎማውን ዱካ ቁልቁል በዓይኑ ተከተለ።

«ተዪው» አላት። «የቀረውን መንገድ በእግሬ ልየው።»